ፒኮ ላይ የተጫነ ቤዚክ፦ ለደብረ ብርሃን ውርጭ ይሆናል?

ፍርዴን ቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የምትባለው ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ቦርድ ላይ ኤምኤምቤዚክ (ቤዚክ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንዱ ዓይነት) ጭኖ መሥራት፣ ላፕቶፑ አሮጌ፣ ኢንተርኔቱም ዛሬ አለ ነገ የለም ለሆነበት ሰው ከሞከርኳቸው ሁሉ የሚቀናው መንገድ ነው። «በሦስት ባትሪ ድንጋይ ክረምት ከበጋ ይሠራልኛል» ብሎ የሚያስብ ግን ከወዲሁ ተስፋውን ይቁረጥ።

እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የሶላር መብራት ጠጋኝ ነኝ። ፕሮግራም መጻፍ ሙያዬ አይደለም። ቦርዷን የፈለግኋት ለውርጭ ነው። ከተማችን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጭር ያለበት ሌሊት ሲገጥም ሊነጋጋ ሲል ውርጩ ባቄላውን ለብልቦት ያድራል። አጎቴ ጫጫ አካባቢ ባቄላና ድንች አላቸው። ቀድመው ከነቁ ጭስ ያጨሳሉ፣ ውሃ ካለ ያጠጣሉ፤ ችግሩ በየትኛው ሌሊት መንቃት እንዳለባቸው ማወቁ ነው። የምንፈልገው ዕቃ እንግዲህ ቅዝቃዜውን እየለካ፣ ከተወሰነ ነጥብ በታች ሲወርድ የሚጮኽ ነገር ነው።

ፒኮ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ስትወጣ ዋጋዋ 4 ዶላር ነበር። እኛ ዘንድ እስክትደርስ በየእጁ ላይ ዋጋ እየተጨመረባት ስለምትመጣ በዚያ ሒሳብ አትጠብቋት። 51 በ21 ሚሊሜትር ናት፤ ላይዋ ያለው አርፒ2040 የተባለ ቺፕ ሁለት ኮር፣ 133 ሜጋኸርዝ ፍጥነትና 264 ኪሎባይት ራም አለው። ስልክ የለመደ ሰው ይሄን ቁጥር ሰምቶ ይስቅ ይሆናል። ግን ብዙ ተማሪ የሚያውቀው አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ቦርድ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። እሱም ላይ የሚጫኑ ትንንሽ ቤዚኮች አሉ፤ ፕሮግራማችሁ ትንሽ ከረዘመ ግን ቦታ አለቀ ይሏችኋል። ፒኮ ላይ ያ ጭንቀት የለም።

ኤምኤምቤዚክን የጻፈው አውስትራሊያዊው ጄፍ ግራሃም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣት ማክሲማይት የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው የጀመረው። ወደ ፒኮ ያመጣው ፒተር ማዘር ነው፤ ይሄኛው ፒኮማይት ይባላል። ቤዚክ ራሱማ እ.ኤ.አ. የ1964 ዕቃ ነው፤ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ሳይንስ የማያጠናው ተማሪም ኮምፒውተር እንዲጠቀም ብለው ያወጡት። ለእኔ ቢጤው ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ቡትሰል የሚለውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ ዩኤስቢውን ትሰካላችሁ፤ ቦርዷ እንደ ፍላሽ ዲስክ ትከፈታለች፤ የፒኮማይትን ፋይል ትገለብጡባታላችሁ፤ በቃ። አንዴ የወረደ ፋይል በፍላሽ ይዞ መዞር ስለሚቻል ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

የወደድኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በአርዱዊኖ አንዲት ቁጥር ለመለወጥ ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ አርሞ፣ አቀናብሮ፣ እንደገና መጫን የግድ ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ላይ እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። የቤዚክ ኢንተርፕሪተር (ትእዛዙን እየተረጎመ ወዲያው የሚፈጽመው ክፍል) ግን ቦርዷ ውስጥ ነው ያለው። ማንኛውንም ተርሚናል (ከቦርዷ ጋር በጽሑፍ የሚያነጋግር ፕሮግራም) ከፍቶ «ፕሪንት ቴምፐር(ጂፒ15)» ብሎ መጻፍና ኢንተር መምታት ነው፤ ጂፒ15 የተባለው ፒን ላይ (በቦርዷ ዳር ቆጠራ 20ኛው ነው) የታሰረው ሴንሰር ያለበት ሙቀት ወዲያው ይመጣል። 12.25 ይላል። ሴንሰሩን በእጄ ጨብጬ ደግሜ ስጠይቀው ከፍ ይላል። ሽቦው መያዝ አለመያዙን፣ ሴንሰሩ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት አንድም መስመር ፕሮግራም መጻፍ አላስፈለገኝም። ለጠጋኝ ይሄ ማለት ቴስተር በእጁ እንደያዘ ነው።

ሴንሰሩ ዲኤስ18ቢ20 ነው፤ ውሃ የማያስገባው፣ ጫፉ ብረት የለበሰው። ቀዩ ሽቦ 3.3 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ፣ ቢጫው ዳታ፤ በቀዩና በቢጫው መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ፒኖቿ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉምና 5 ቮልት እንዳታስነኳቸው። ገበያው ላይ አስመስሎ የተሠራ ሴንሰር ሞልቷል፤ ስለዚህ ሳትፈትኑ አትመኑት። ፈተናው ደግሞ እኛ አገር ነፃ ነው፤ በኅዳር ጠዋት ገንዳው ላይ የረጋውን በረዶ ሰባብሮ ከውሃው ጋር ማማሰልና ሴንሰሩን መሃሉ ላይ መንከር። ዜሮ ወይም ግማሽ ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ማለት አለበት። በፈላ ውሃም መሞከር ይቻላል፤ እዚህ ግን 100 አትጠብቁ፤ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው። «ሴንሰርህ ተበላሽቷል» ብሎ የተከራከረኝ አለ፤ የተማረ ሰው ነው ደግሞ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቴምፐር የሚለው ትእዛዝ በአንድ ፒን የሚያነበው አንድ ሴንሰር ብቻ ነው፤ ሁለት ከፈለጋችሁ ሁለት ፒን ስጡ። እኔ ሁለት አድርጌያለሁ፤ አንዱን በሰው ደረት ቁመት፣ ሌላውን ከባቄላው ቅጠል እኩል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከታች ያለው አየር ከላይኛው ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። የሚቲዎሮሎጂ ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ከፍ ብሎ በሳጥን ውስጥ ስለሆነ፣ በዜና «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ» ሲባል ቅጠሉ ላይ ውርጭ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሴንሰሩ ቢበጠስ ወይም ቢቋረጥ ትእዛዙ 1000 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ፕሮግራማችሁ «ከ2 በታች ከሆነ ጩኽ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ አይጥ ሽቦውን የቆረጠችበት ሌሊት 1000 ከ2 ይበልጣልና ቦርዷ ዝም ብላ ታድራለች። ስለዚህ 1000 ሲመጣም ጩኽ በሉት፤ ድምፁን ለየት አድርጉት።

አጎቴ መጀመሪያ ሲያዩት «ታዲያ ይኼ ውርጩን ያስቀራል?» አሉኝ። «አያስቀርም ጋሼ፤ ይቀሰቅስዎታል እንጂ።» «መቀስቀሱንማ ዶሮዬም ያውቅበታል» አሉ። ዶሮው በየሌሊቱ ነው፣ ይኼኛው በውርጩ ሌሊት ብቻ ነው ብዬ ነው የገላገልኩት። ከዚያ «2 ዲግሪ ላይ ሲጮኽ ዘግይቷል፤ ጭሱ እስኪያዝ ይነጋል፤ 3 አድርግልኝ» አሉ። ማሳው ዳር ቆሜ ስልኬን በኦቲጂ ገመድ ከቦርዷ ጋር አገናኘሁት። ኮንትሮል ሲ ብዬ ፕሮግራሙን አቆምኩ፣ ከዚያ ገደብ ብዬ የሰየምኩትን ቁጥር 3 አድርጌ «ቫር ሴቭ» ብዬ አዘዝኩ። ይሄ ትእዛዝ ቁጥሩን ኃይል ቢጠፋም በማይረሳው የቦርዷ ማከማቻ (ፍላሽ) ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ «ቫር ሪስቶር» ብሎ መልሶ ያነሳዋል። «ኦፕሽን ኦቶራን» ስለተከፈተ ኃይል ሲያገኝ ራሱ ይጀምራል። ላፕቶፕ የለ፣ ማቀናበር የለ፤ አጎቴ ገና እየተናገሩ ነበር። ቫር ሴቭን ግን በየደቂቃው አታዙ፤ ፍላሽ በመጻፍ ያልቃል።

ስልክ ላይ የሚያስቸግረው አርታዒው ነው። ኤዲት ሲባል ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ጥሩ አርታዒ ይከፈታል፤ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ1 ማስቀመጫ፣ ኤፍ2 አስቀምጦ ማስኬጃ ነው። ስልክ ላይ እነዚህ ቁልፎች የሉም፣ ስክሪኑም ይዘበራረቃል። መላው «ኦቶሴቭ» ብሎ፣ ፕሮግራሙን ሌላ ቦታ ጽፎ መለጠፍና በኮንትሮል ዜድ መዝጋት ነው። ይሠራል፤ አያምርም።

ሰዓት ሌላው ጉድለት ነው። ቦርዷ ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራለች። ዲኤስ3231 የተባለውን የሰዓት ቁራጭ ከነባትሪው ጨምሩበት፤ ቤዚኩ ያውቀዋል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት አንድ መስመር ይበቃል፤ በሰዓቱ ላይ 6 ደምሮ ለ12 ማካፈልና ቀሪውን መያዝ፣ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ማለት። ጠዋት ወጥቼ ሳነበው «ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ 0.75» ይለኛል፤ አጎቴም ሳይጠይቁኝ ይገባቸዋል።

ኃይሉ ላይ ነው ቅር ያለኝ። «ዝቅተኛ ኃይል» የሚለውን ስም በልኩ እንያዘው። በቴስተሬ ከ20 ሚሊ አምፔር ትንሽ ከፍ ትላለች። ከኡኖ ይሻላል፤ ቺፑ ግን አቅሙ ከዚህ በጣም የተሻለ ነው፤ አምራቹ ባወጣው ሰነድ መሠረት ፒኮ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ 0.8 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው የምትወስደው። ኢንተርፕሪተሩ እዚያ አያደርሳትም። «ፖዝ» ብላችሁ ደቂቃ ሙሉ ብታስጠብቋት እንኳ ነቅታ ነው የምትጠብቀው። «ኦፕሽን ሲፒዩስፒድ» በሚለው ፍጥነቷን ወደ 48 ሜጋኸርዝ ማውረድ ይረዳል፤ ሙቀት ለመለካት ከዚያ በላይም አያስፈልግም።

ፓወር ባንክ ያሰበ ደግሞ ይተወው። ብዙዎቹ የሚጎተተው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ማለት ነው። ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት የሚቀበለው ቪሲስ ፒን ላይ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ አንድ የሊቲየም ሴል (ሙሉው ጥቅል ሳይሆን) ማሰር ይሻላል፤ ደህና ከሆነ ሁለት ሌሊት ያለ ሐሳብ ይይዛል። ቀን በትንሽ ሶላር ይሞላል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጉዳይ አለ፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል። ፀሐይ እንደወጣች ወዲያው እንዳይሞላ፣ ባትሪው ቤት ውስጥ ወይም ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ይቀመጥ።

ማይክሮፓይተንስ፣ ፓይተን የተባለው ቋንቋ ለትንንሽ ቦርዶች የተዘጋጀበት? እሱም እዚያው ቦርድ ላይ ይጫናል፣ እንደ ቤዚኩ ጽፎ ወዲያው ማየት ይቻላል፣ የሚጠቀመው ሰውም ይበዛል። ወደፊት በፕሮግራም ሥራ እንጀራ መብላት ለሚፈልግ ተማሪ እሱን እመክራለሁ። ለእኔ ግን ሴንሰሩም፣ ሰዓቱም፣ ስክሪኑም ሌላ ፋይል ሳይፈለግላቸው ቤዚኩ ውስጥ ተዘጋጅተው መምጣታቸው አሸንፏል። መመሪያው ረጅም የእንግሊዝኛ ፒዲኤፍ ነው፤ ግልጽ ነው፣ ግን ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ሰጥቶ ዞር ማለት አይቻልም፤ አጠገቡ መቀመጥ ይፈልጋል። አማርኛ ስክሪን ላይ ማሳየት የሚፈልግም ፊደሉን አንድ በአንድ ቀርጾ ማስገባት አለበት፤ የሚመጣው የላቲን ፊደል ብቻ ነው።

ለመግዛት ለወሰነ፦ ካውያ ከሌላችሁ ፒኖቿ ተበይደው የሚመጡትን ፒኮ ኤች ጠይቁ። ዋይፋይ ያላት ፒኮ ደብልዩ ለማሳ ትርፍ ናት፤ ኃይል ትበላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣችው ፒኮ 2ም ይሄን ቤዚክ ትቀበላለች፤ ፋይሉ ግን ለየቺፑ የተለያየ ስለሆነ ከማውረዳችሁ በፊት ቺፑ ላይ አርፒ2040 ነው ወይስ አርፒ2350 የሚለው ብላችሁ አንብቡ።