ሚዛን ለመለማመድ፦ ዓይን ጨፍኖ ወይስ ስፖንጅ ላይ ቆሞ?

ስንቆም አእምሯችን ከሦስት ቦታ መረጃ ይቀበላል፦ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከውስጥ እግርና ከመገጣጠሚያ። ጤነኛ ወጣት ጠንካራ ወለል ላይ ሲቆም በዋናነት የሚመካው በእግሩ ስሜት ነው። ሁለቱ ልምምዶች የሚለያዩት የትኛውን መረጃ እንደሚቀንሱ ነው።

ዓይን መጨፈን
ወጪ፦ ምንም።
ቅለት፦ በሁለት እግር ቀላል ነው። በአንድ እግር ግን ጠንካራ ስፖርተኛም ቶሎ ይንገዳገዳል። ሞክሩት፤ ልዩነቱ ይገርማችኋል።
አደጋ፦ መውደቅ። ግድግዳ አጠገብ ቁሙ።

ስፖንጅ ላይ መቆም
ወጪ፦ ወፈር ያለ የፍራሽ ቁራጭ ይበቃል።
ቅለት፦ ከእግር የሚመጣው መረጃ ይዛባል፤ ዓይን ግን ያግዛል።
አደጋ፦ ወለምታ። ስፖንጁ የሚንሸራተት ወለል ላይ አይሁን።

ሁለቱ ሲጣመሩ ነገሩ ይከብዳል። አስተማማኝ ሆኖ የሚቀረው የጆሮው መረጃ ነው። ያለ ደጋፊ ባትሞክሩት እመርጣለሁ።

ቤት ውስጥ፣ ያለ ዕቃ ለሚጀምር ዓይን መጨፈን ይመቻል። ወጣ ገባ ሜዳ ላይ ኳስ ለሚጫወት ወይም ተራራ ለሚወጣ ስፖንጁ ይሻላል። ወለምታው ገና ያልዳነ ሰው ሁለቱንም ያቆይ፤ ዓይኑን ገልጦ በጠንካራ ወለል ይጀምር። ማዞር ያለበት ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።