የቤተ መጻሕፍት ዜና፦ በቴሌግራም ወይስ በአርኤስኤስ?
አራት ኪሎ አብርሆት ወይም ወመዘክር ለምትመላለሱ፣ አዲስ መጽሐፍ ሲገባ ወይም ሰዓት ሲቀየር ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ቴሌግራም ፈጣን ነው። ቻናል ካለ መልእክቱ ወዲያው ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። ግን ከሠርግ ግሩፕና ከዕቃ ሻጮች ጋር ተደባልቆ ነው፤ ማታ ስትፈልጉት የለም።

አርኤስኤስ (RSS) ድረ ገጽ ላይ አዲስ ነገር ሲወጣ የምትከታተሉበት ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው። የድረ ገጹን የፊድ (የአዲስ ጽሑፎች ዝርዝር) አድራሻ ማንበቢያ አፕ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ አፑ ራሱ እየሄደ አዲስ ነገር መኖሩን ያያል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ቁጥር መስጠት የለም፣ ባብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነም ብዙ ዳታ አይበላም። የሚያናድደው ብዙ ድረ ገጾች ፊድ የላቸውም።

ካለ ግን እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ቴሌግራምን «ዛሬ ዝግ ነን» ለሚል አስቸኳይ ወሬ ብቻ አስቀሩት።