በሩን የከፈተልን ሰውዬ፦ «ከርስ ኦፍ ስትራድ»ን አጫውቼ ስጨርስ

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ይሄን ጨዋታ አንድ ቀን በተጫዋችነት ልትቀመጡበት ካሰባችሁ እዚህ ጋ አቁሙ፤ ምስጢሩን ሁሉ ነው የምዘረግፈው። ለማጫወት ያሰባችሁ ግን ኑ፣ ቁጭ በሉ።

ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፣ አንዱ አጫዋች ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ታሪኩ በወሬ ይሄዳል፣ ነገሩ ሲጠብ ዳይስ ይወረወራል። ጊዜ ያለው አጫዋች ታሪኩን ከራሱ ይፈጥራል፣ እንደኔ ጊዜ ያጠረው ደግሞ ተዘጋጅቶ የታተመ ይገዛል። እኔ ስገዛ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ዋናውን ክፉ ሰው አይደለም፤ አጠገቡ የሚቆመውን ነው። ተጫዋቾቼ ክፉውን ጌታ ከሩቅ ያውቁታል፣ ጥቁር ካባ ለብሶ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጠ እሱ ነው፣ አለቀ። አገልጋዩን ግን ማንም ልብ አይለውም። ያ ልብ ያላሉት ሰውዬ ቀና ሲል ጠረጴዛው ጸጥ እንዲል ፈለግኩ።

በመጀመሪያ የሞከርኩት በፈረንጆቹ 2014 በወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ውስጥ ያለውን «ሎስት ማይን ኦፍ ፋንደልቨር»ን ነው። 64 ገጽ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ተሞልተው ያለቁ 5 ገጸ ባሕርያትና ዳይሶች አብረው አሉ። ክፉው ብላክ ስፓይደር ይባላል፣ ከተማዋን በወሮበላ የሚያስጨንቅለት ደግሞ ግላስስታፍ የሚባል አስማተኛ አለው። የግላስስታፍ ነገር ብልጠት አለው፤ ተጫዋቾቹ የጠፋ ሰው ፈልጉልን ተብለው ሲባዝኑ ይቆዩና ያ የጠፋውና የወሮበሎቹ አለቃ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። የኛዎቹ አፋቸውን ነው የያዙት። ችግሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬው ጉልበት የለውም፣ ሲደረስበት ዋና ሐሳቡ ማምለጥ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ሳያመልጥ በገመድ ታሰረ። ድንጋጤው አለ፣ ፍርሃቱ የለም። ለጀማሪ ግን አሁንም እመክረዋለሁ፤ በ2023 ደግሞ ተስፋፍቶ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ «ከርስ ኦፍ ስትራድ»ን ያዝኩ። በ2016 የወጣ ነው፣ 256 ገጽ፣ መነሻው ትሬሲና ላውራ ሂክማን በ1983 ያወጡት ሬቨንሎፍት የሚባል የ32 ገጽ ጨዋታ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ከሌቭል 1 ይነሱና 10 ገደማ ይደርሳሉ። ባሮቪያ የምትባል በጭጋግ የታጠረች አገር አለች፣ ከላይ ገደሉ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ውስጡ ደም እየጠጣ የሚኖር ስትራድ የሚባል ጌታ። ስለሱ ብዙ ተወርቷልና ልለፈው። እኔ የምወደው ራሃዲንን ነው።

መጽሐፉ ራሃዲንን ቻምበርሌይን ይለዋል። በአማርኛ ስለማጫውት ምን ልበለው ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ትክክለኛው ቃል እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ ማን ይገባል፣ ማን ደጅ ይቀራል የሚለውን የያዘ ሰው፣ ንጉሡ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ የሚታለፈው። እንደዛ ብላቸው ግን ወዲያው ይነቁብኛል። ስለዚህ «አንድ አሳላፊ በሩን ከፈተላችሁ» አልኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።

ስትራድ ለእራት ጠርቷቸው ነበር። ከውስጥ የኦርጋን ሙዚቃ ይሰማል፣ ጠይም ቀጭን ሰውዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ጌታዬ ይጠብቃችኋል ይላል። የአክስቴ ልጅ የያዘው ገጸ ባሕርይ ኩራተኛ ባላባት ነው። ወደ ሰውዬው ቀረበና «ካባዬን ያዝልኝ፣ እንዳይጨማደድ» አለው። ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ «ስትጠጋው ጭንቅላትህ ውስጥ ጩኸት ትሰማለህ። የአንድ ሰው አይደለም። የሺዎች ነው» አልኩት። ካባውን መልሶ ለበሰ።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፣ የተጻፈ ነው። ራሃዲን በ10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል ውስጥ የገባ ሰው እሱ የገደላቸውን ሰዎች ጩኸት ይሰማል። ሲፈልግ ደግሞ ጩኸቱን መሣሪያ ያደርገዋል፤ ዳይስ ወርውሮ 16 ያልሞላለት ተጫዋች የሦስት ባለ 10 ገጽ ዳይሶች ድምር ጉዳት ይቆጠርበታል። ይሄ ሁሉ በጎራዴ ሦስት ጊዜ ከመሰንዘሩ በተጨማሪ ነው። አሁን ቁጥሩን እዩልኝ፦ እሱን ለመምታት 18 ያስፈልጋል፣ ጌታውን ስትራድን ለመምታት 16 ይበቃል! የሕይወት ነጥቡም 135 ነው፣ የስትራድ 144። በእርግጥ ስትራድ ቁስሉ እየጠገገ፣ ጭጋግ እየሆነ የሚያመልጥ ፍጡር ነው፣ አይወዳደሩም። ግን በር ከፋች እኮ ነው ያልነው።

ታሪኩ ደግሞ ከቁጥሩ ይከብዳል። ራሃዲን ከስትራድ አባት ከንጉሥ ባሮቭ ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው፣ የገዛ ወገኑን ከድቶ እንደ ቤተሰብ የተቆጠረ። ኋላ ላይ ፓትሪና የምትባል የስትራድ ሙሽራ መሆን የፈለገች ሴት በወገኖቿ በድንጋይ ስትወገር፣ በጌታው ትእዛዝ የዚያን ሕዝብ ሴቶች የጨረሰው እሱ ነው። የራሱን ሕዝብ ማለት ነው። ወንዶቹ ቫላኪ ከተማ አጠገብ ቀርተዋል፣ የፓትሪና ወንድም ካሲሚር ጆሮው ተቆርጦ አሁንም እዚያ አለ። ተጫዋቾቼ ካሲሚርን ያገኙት ከእራቱ በኋላ ነበር። የአክስቴ ልጅ «ያ ካባ የሰጠሁት ሰውዬ?» ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የገዛሁት ለዚች ደቂቃ ነው፣ አግኝቻታለሁ።

ቅሬታዬ መጽሐፉ አሠራር ላይ ነው። ራሃዲን በሩ ላይ የሚቆመው በአንድ ምዕራፍ፣ ቁጥሩ ከኋላ ከተጨማሪዎቹ ጋር፣ የወገኖቹ ታሪክ ደግሞ ቫላኪ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ተጫዋች ጥያቄ ሲጠይቅ እኔ ገጽ ሳገላብጥ፣ ጸጥታው ሁሉ ይበላሻል። ከእራቱ በኋላም ምን ያድርግ የሚለው ሳስቷል፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እስኪደርሱበት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ እንዴት ቤት ያስቀምጡታል? እኔ አወጣሁት፣ ካሲሚር ሰፈር ድረስ በፈረስ ላክሁት፣ ምንም ሳያደርግ አይቷቸው ተመለሰ። እናንተም ሁሉንም ነገሩን አንድ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ያዙ፣ ከዚያ አውጡት።

መጨረሻ ላይ ራሃዲንን ሲገጥሙት ከአራቱ ገጸ ባሕርያት ሁለቱ ወደቁ። አሸነፉ፣ ግን አስማታቸውን በሙሉ ጨርሰው፣ ስትራድ ገና ከላይ እያለ። ሮጠው ወጡ።

ዋጋው ሲወጣ 49.95 ዶላር ነበር። መሠረታዊ ሕጎቹ በነፃ ይገኛሉ፣ መግቢያው ዴዝ ሃውስም (የሞት ቤት ማለት ነው) ለብቻው በነፃ ተለቅቆ ስለነበር እሱን ሞክሮ መግዛት ይቻላል። ስሙን ግን እመኑት፣ ጀማሪ ገጸ ባሕርይ የሚያልቅበት ቤት ነው። ለልጆች አይሆንም፣ ሕፃናት ላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ አለበት።

ከአክስቴ ልጅ ጋር አሁን አዲስ ጨዋታ ጀምረናል። ባለፈው አንዲት አሮጊት በር ከፈተችለት። «ከሷ ስንት ሜትር ላይ ነው የቆምኩት?» አለኝ።