ፎቶ ለማሳደስ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የጎንደር ሰዎች፣ የቤተሰብ የድሮ ፎቶ ልታሳድሱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስለሚበዛ ሥራው ሰሞኑን ደርቷል።

ፒያሳ አካባቢ «የደበዘዘ ፎቶ እናድሳለን» የሚል የለጠፈ ቤት አለ። ስም አልጠራም። አክስቴ ከባለቤቷ ጋር (ነፍሱን ይማረው) ፋሲል ግንብ በር ላይ የተነሱትን ፎቶ ወስዳ 1,500 ብር ተባለች። ግማሹን ቀብድ ከፈለች። የተሰጣት ፎቶ ላይ ፊቱ የተወለወለ፣ ጥርሱ የነጣ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ቆሟል። ግንባሩ ላይ የነበረችው ጠባሳ የለችም። ግንቡ ራሱ ያልነበረው መስኮት ወጥቶለታል! አክስቴ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ቀሪውን ሳትከፍል ወጣች።

ያደረጉት ግልጽ ነው። ፎቶውን በስልክ አንስተው ፊት የሚያጠራ የኤአይ አፕ ውስጥ ከተቱት። አፑ የጠፋውን በግምት ነው የሚሞላው። ፊቱ ትንሽና ብዥ ያለ ከሆነ ግምቱ ከሰውየው ይርቃል። ይሄን በስልካችሁ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

የባሰው ሌላ ነው። ኦሪጅናሉን «እንዳይበላሽ» ብለው ሳይጠይቋት ላሚኔት አድርገውታል። በሙቀት የተለጠፈ ፕላስቲክ ፎቶውን ሳይጎዳ አይላጥም። ሶፍት ኮፒውን ስትጠይቅ ደግሞ «ለእሱ ሌላ ሒሳብ አለው» አሏት።

ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ አብዛኛው ሥራ እዚያው ያልቃል። ስካነር ያለው ቤት ሄዳችሁ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አስደርጋችሁ በፍላሽ ውሰዱ። ጉርድ ፎቶ ከሆነ 1200 በሉ። ዝም ካላችሁ ለተራ ወረቀት በሚሆነው ልክ ሊያነሱላችሁ ይችላሉ። መስታወት ላይ የተጣበቀውን አትላጡ፣ ከነመስታወቱ ይነሳ።

ከዚያ ጊምፕ (GIMP) የሚባለውን ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጫኑ። በደርግ ጊዜ የታጠቡ ብዙ ከለር ፎቶዎች ቀልተዋል አይደል? አልበም ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደበዝዘው ሳያን የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ስለሆነ ነው፤ እሱ ሲሳሳ ቀዩ ይጎላል። «ሌቭልስ» የሚለውን ከፍታችሁ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ አስተካክሉ። እዚያ ከሚታየው ግራፍ ሥር ያሉትን የግራና የቀኝ ምልክቶች ግራፉ ወደሚጀምርበትና ወደሚያልቅበት መሳብ ነው። ጭረቱን በ«ሂል» መሣሪያ ታጠፋላችሁ። ዓይንና አፍ አካባቢ ግን አትቸኩሉ።

የግድ ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ቆማችሁ ስካን አስደርጉና ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ውጡ። ዋጋው ሶፍት ኮፒውን ይጨምር፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ከቀብዱ በፊት ፊቱን ብቻ ሠርተው ያሳዩአችሁ። ፊቱ ላይ የተቀደደ ፎቶ በእርግጥ ባለሙያ ይፈልጋል። «የሰውየውን ሌላ ፎቶ አምጡልኝ» የሚላችሁ ካገኛችሁ ለእሱ ስጡት፤ ዋጋው ቢወደድም።