«ሞተርሽ አላለቀም» ላሉኝ መካኒክ

ይህንን የምጽፈው ሚኒባስ ላላችሁ፣ በተለይም የሌላ ሰው ልጆች ለምታመላልሱ ሁሉ ነው። የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። ፈቃድ ስጠይቃቸው «የሚበቃኝን ያህል ሥራ አለኝ፤ ይልቅ ያሳየሁሽን ንገሪያቸው» አሉኝ። ስለዚህ ስማቸውን ትቼ የሠሩልኝን እጽፋለሁ። አድራሻቸውን ከልቡ ለሚፈልግ ግን በውስጥ መልእክት እሰጣለሁ፤ ይህንን ፈቅደውልኛል።

መኪናዬ ቶዮታ ሃይስ ነው፣ በተለምዶ ዶልፊን የምንለው። ሞተሩ ፋይቭ ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ባለቤቴ ከማረፉ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛው ነው። እርሱ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት በሾፌር አሠራሁት፤ ከዚያ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ራሴ ያዝኩት። ጠዋትና ማታ አሥራ አንድ ተማሪዎችን ከሽሮ ሜዳና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ስድስት ኪሎ አመላልሳለሁ። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያም፣ የቤት አስቤዛም የሚወጣው ከዚህ መኪና ነው። መኪናው አንድ ሳምንት ከቆመ ቤታችን ይቆማል።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማታ ልጆቹን ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስወጣ መኪናው ጥቁር ጭስ ይለቅ ጀመር። ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ በመስታወት ወደ ኋላ ስመለከት የሚከተለኝ መኪና አይታየኝም ነበር። በመንገዱ ዳር የሚሄዱ እናቶች በነጠላቸው አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ። አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች ጭሱ ውስጥ ገብተው ሲያስሉ አየሁ፤ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም። ጉልበቱም ወረደ፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ቀድሞ ሳምንት ያደርሰኝ የነበረው ናፍጣ ሐሙስ ላይ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ጋቢና ውስጥ የሚሸተው ነገር ነበር። ሃይስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ ያለው ከሾፌሩና ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። አጠገቤ የምትቀመጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። ትምህርት ቤት ስንደርስ ራሷን ይዛ ነው የምትወርደው፤ ሁለት ጊዜም አስመለሳት። እናቷ መኪና አልስማማት ብሎ ነው ብላ በየቀኑ ሎሚ እያስያዘች ትልካት ጀመር። እኔም ተቀበልኩት። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ሎሚ እያሸተተች ስትሄድ እኔም ራሴን ያመኝ ነበር፤ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ሁለቱን ነገር ሳላገናኘው ኖርኩ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ሦስት ጋራዥ ሄድኩ። የማንንም ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ወንበሩን አንሥቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አዳመጠና «ሞተሩ አልቋል፤ መውረድ አለበት» አለኝ። ዋጋውን ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር ብሎ ነገረኝና «ለማንኛውም ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ሲል ጨመረበት። ሁለተኛው አራቱን ኖዝሎች (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) ቀየርኩ፣ የቴስታታውንም (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚያሽገውን፣ ለወጥኩ ብሎ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ተቀበለኝ። የወጣውን ዕቃ አላየሁም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ተሻለው፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ሆነ። ሦስተኛው ጉልበት እንዲኖረው ብሎ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለውን ቡሎን አዙሮ ናፍጣ ጨመረለት፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታም ቆርጬ ልጣልልሽ አለኝ። ማርሚታውን እንዲነካ አልፈቀድኩም። ናፍጣው ግን ተጨምሮ ነበርና ጭሱ ከመጀመሪያው ባሰ።

ተስፋ ቆርጬ መኪናውን ለደላላ ልሰጥ ስል፣ እንደ እኔው ተማሪ የሚያመላልስ አንድ ወንድሜ ጎተራ አካባቢ ያሉትን እኚህን ሰው ጠቆመኝ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አለፍ ይላል። ሁለት ወጣት ረዳቶች አሏቸው፤ ግቢያቸው ከአራት መኪና በላይ አይይዝም። ደውዬ ሁኔታውን ስነግራቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ማታ አምጪውና እኔ ዘንድ ይደር፤ ሞተሩን በርዶ ነው ማየት የምፈልገው» የሚል ነበር። ይህንን ያለኝ ሌላ መካኒክ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ምንም አልነኩም። ሻይ አዝዘውልኝ ይጠይቁኝ ጀመር። ጭሱ የሚበዛው ጠዋት ነው ወይስ ዳገት ላይ? ቀለሙስ? ውኃ ይጎድለዋል? ዘይት ትጨምሪያለሽ? ስንት ቀን ቆይቶ? ከዚያ ለአፍታ ዝም ብለው «ልጆቹ ራሳቸውን ያማቸዋል?» አሉኝ። ሻዩን አስቀመጥኩት። ስለ ልጅቷ ለማንም መካኒክ ተናግሬ አላውቅም፤ ከሞተር ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅምና። ስለ ሎሚው ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እህቴ፣ ይቺን ልጅ መኪና አይደለም ያልተስማማት፤ ጭስ ነው የጠጣችው» አሉኝና ተነሡ።

ሞተሩን ሲያስነሡት «ስሚ» አሉኝ። ከወንበሩ ሥር ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። እኔ ባልቩላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው የሞተሩ በር) ነው ተብዬ ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ጭስ ሲያፈተልክ እንዲህ ይላል፤ ብረቱ ሲግል ይሰፋና ቀዳዳውን በከፊል ይደፍነዋል። በርዶ ካልታየ አይያዝም። ሞተሩን አጥፍተው ካቀዘቀዙት በኋላ በጭስ መውጫው ጫፍ በኩል ከኮምፕሬሰር ቀስ ያለ አየር አስገቡና ረዳታቸው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀባ። ማኒፎልዱ ጋ ሲደርስ አረፋው እንደ ድስት ተንተከተከ። ማሰሪያው አንዱ ቡሎን ተበጥሷል፤ ጓርኒሲዮኑም በዚያ በኩል ተቃጥሏል። ጭሱ ቀጥታ የሚወጣው ከእኔና ከልጅቷ እግር ሥር ነበር።

በዚህ አላበቁም። የኋላውን በር ጎማ በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱና የተቀደደ ቦታ አሳዩኝ። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፣ የወጣውንም ጭስ ወደ ራሱ መልሶ ይስበዋል፤ የኋላ በር በደንብ ካልገጠመ ጭሱ በዚያ ይገባል። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለት ወንድማማቾች ሁልጊዜ የሚያስሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ገቡ። ኖዝሎቹን አውጥተው በየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለኩ። አራቱን ቁጥር በካርቶን ላይ ጽፈው አሳዩኝ፤ ሁሉም የተቀራረቡ ናቸው። «ያለቀ ሞተር እንዲህ አይለካም። ሞተርሽ አላለቀም» አሉኝ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ በሚፈጠረው ግለት ነው፤ ፒስተኑና ዙሪያውን የሚያሽገው ፋሻ ቢያልቁ ኖሮ መጀመሪያ የሚወድቀው ይህ ልኬት ነበር። ያን ቃል ስሰማ አለቀስኩ። ረዳቶቹ ዞር አሉልኝ።

ታዲያ ጥቁሩ ጭስ ከየት መጣ? ኖዝሎቹን መለኪያው ላይ እያሰሩ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ሦስቱ እንደ ጉም ይረጫሉ። አራተኛው እንደተበላሸ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ የሚንጠባጠብ ናፍጣ ደግሞ በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አዲስ ነው ተብሎ የተገጠመልኝ ነው። የአየር ማጣሪያውም በአቧራ ታፍኗል። በዚህ ሁሉ ላይ ያ የተጨመረ ናፍጣ ነበር።

ስለ ተጨመረው ናፍጣ የነገሩኝን በደንብ ላስቀምጠው፤ ሚኒባስ ያላችሁ ሁሉ ብትሰሙት ደስ ይለኛል። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የጭነት መኪናዎች ረዳት መካኒክ ነበሩ። አፋር ሜዳ ላይ ጭስ የማያሳይ መኪና ጣርማበር ላይ ሲወጣ እንደ ከሰል ማክሰያ ይጨስ እንደነበር አጫወቱኝ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ፋይቭ ኤል ደግሞ ተርቦ፣ አየር አስገድዶ የሚያስገባው መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ነው፤ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። «ምድጃ ላይ እንጨት እየጨመርሽ እፍ ካላልሽበት ምን ይሆናል?» አሉኝ። ይጨሳል አልኳቸው። «በቃ፣ ይኸው ነው። የጎደለው አየር ነው፣ የጨመሩልሽ እንጨት።» ፖምፓውን አውርደው መለኪያ ማሽን ያለው ባለሙያ ዘንድ ላኩት፤ ናፍጣው በልኩ ተቀንሶ ተመለሰ።

ከሁሉም ግን ልቤን የነካው የተበጠሰው ቡሎን ነው። ቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ቀላሉ መንገድ ቴስታታውን አውርዶ ማስከፈል ነበር፤ አላውቅምና እከፍል ነበር። እርሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጉቶው ላይ ዳዶ በየዱ፣ አስግለው፣ አቀዝቅዘው፣ እንደገና አስግለው፣ ቀስ በቀስ ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጅተው ጥርሱን ሳያበላሹ አወጡት። ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ነው የተነሡት።

ማርሚታውን ቆርጦ ስለመጣል የተነገረኝን ሳነሳላቸው ተቆጡ። ውስጡ ተበትኖ ጭሱን ካፈነ ይቀየራል እንጂ አይጣልም፤ ልጆች የሚጫኑበት መኪና በየሰፈሩ እያጓራ መሄድ የለበትም አሉ። የእኔን ፈትሸው ደህና ነው ብለው መልሰው ገጠሙት።

ሂሳቡ ሁሉ ተደምሮ ሃያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር ሆነ። ለዕቃ መግዣ ሠላሳ ሺህ ሰጥቻቸው ነበር። ከሶማሌ ተራና ከሌላም የገዙበትን ደረሰኝ ዘርዝረው፣ የእጃቸውን ዋጋ ለይተው፣ የተረፈውን መለሱልኝ። የወጣውን ዕቃ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው «ይህ ያንቺ ነው» ብለው መኪናው ውስጥ አስቀመጡት። የተሰበረውን ቡሎን እስካሁን ቤቴ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ ጭስ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መድቦታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ነው። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣው የበለጠ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የቤንዚን ሚኒባስ ያላችሁ የጭስ ማፈትለክን ከእኔ በላይ ፍሩት። ልጅ ራሴን አመመኝ ሲላችሁ ሎሚ ከመስጠታችሁ በፊት የወንበሩን ሥር አስፈትሹ። ነጭ ጭስ ጠዋት ላይ ብቻ ከታየ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና ውኃ ከጎደለ ግን አትንዱት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ሞተር አወርዳለሁ የሚላችሁ ሰው መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን ለክቶ ቁጥሩን ያሳያችሁ።

ሰባት ወር ሆነው። ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ ማርሽ እወጣለሁ፤ በመስታወት የሚከተለኝ መኪና ይታየኛል። ናፍጣው ዳግመኛ ሳምንት ያደርሰኛል። ልጅቷ አሁንም ጋቢና ነው የምትቀመጠው፤ መንገዱን ሙሉ ታወራልኛለች። እናቷን ቤቷ ድረስ ሄጄ እውነቱን ነግሬያት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ ለምትፈልጉ፦ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ቀጠሮ ከሌላችሁ አይቀበሉም። መኪናውን ማታ አድርሱና በርዶ እንዲያዩት አሳድሩት። የሚጠይቋችሁ ብዙ ነው፤ ዘይትና ውኃ መቼ እንደጨመራችሁ፣ ጭሱ መቼ እንደሚታይ ለሳምንት ያህል ጽፋችሁ ያዙ። አትቸኩሉባቸው።

ጋሼ፣ ይህንን ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ አምናለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለፋሲካ ከነልጆቼ እቤትዎ እመጣለሁ ያልኩት እንዳለ ነው።