የሆስፒታል ቆሻሻ፦ ማቃጠል ወይስ በእንፋሎት ማምከን?

የጤና ጣቢያ ጓሮ ውስጥ ያለው የጡብ ማቃጠያ በዋጋ አይታማም። መብራት አይፈልግም፤ ሴፍቲ ቦክሱን፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ካርቶን፣ ከነመርፌው ጨምሮ መለኮስ ነው። ጣጣው አመዱ ላይ ነው። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ተቃጥለው አይጠፉም፤ ከፊሉ አመዱ ውስጥ ይቀራል። የግሉኮስ ከረጢትና ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ክሎሪን አለበት። በተለይ እሳቱ 850 ዲግሪ ካልደረሰ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። መርፌውም ሳይቀልጥ ከአመዱ ይወጣል። ይህን አመድ ጎመን ላይ መበተን አይሞከርም! የተለሰነ፣ ክዳን ያለው ጉድጓድ ይፈልጋል።

አውቶክሌቭ የሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ማሽን በ121 ዲግሪ እንፋሎት ጀርሙን ይገድላል። አመድ የለም። ግን ውድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መድኃኒትና ኬሚካልም አይገባበትም።

መብራትና ባለሙያ ያለው የከተማ ሆስፒታል አውቶክሌቭ ይሻለዋል። መብራት ያልደረሰበት ገጠር ማቃጠያው ያዋጣል፣ ፒቪሲውን አስቀድሞ ከለየ።