ሶኒ 7506፦ ቤዙን ለይቶ የሚያሰማ ሄድፎን

ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የሙሽራው ቤተሰብ የመረጠው ዘፈን ሁሌም በመጨረሻ ሰዓት ነው የሚደርሰን። ቤዙን በጆሮ አጥንቶ መገኘት ደግሞ የኔ ዕዳ ነው። ሶኒ ኤምዲአር 7506ን አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ለዚሁ ነው።

በስልክ ስፒከር ቤዝ አይጠናም። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ባዶዋን ስትመታ 41 ኸርዝ ገደማ ናት፤ የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። «ኤክስትራ ቤዝ» የሚባሉት ሄድፎኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ደረት ይመታሉ፣ የትኛው ኖታ እንደተመታ ግን አይለይም። ሁሉም ድም ድም ነው። ለታክሲ ይሁን።

ይሄኛው ቤዙን አያጋንንም። መጀመሪያ የከፈትኩበት የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራውን። ቤዙ ላይ ያለው ጆቫኒ ሪኮ ነው። ማህሙድ ከላይ ድምፁን እንዳሻው ሲያንከባልለው፣ ቤዙ ከሥር ያችኑ ሐረግ እየመላለሰ ይይዝለታል። በዚህ ሄድፎን ኖታው የት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቆምም ይሰማል። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ችክችካ ላይ እኮ ዝምታውም ይጨፈርበታል፤ ቤዙ ክሩን ቶሎ ካላፈነው ትከሻው ይተኛል።

ጨካኝ ጎንም አለው። በኪቦርድ ግራ እጅ ብቻ ቤዝ የተሠራላቸውን አንዳንድ የካሴት ዘመን ዘፈኖች ስሰማበት ቅር አለኝ። ዜማው ማር፣ ሥሩ ግን ሁለት ኖታ ላይ የተቸከለ። ሳያውቁት መውደድ ይሻል ነበር።

ለመንገድ አትግዙት። ገመዱ እንደ ድሮ ስልክ የተጠማዘዘ ነው፣ ሲዘረጋ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ሚኒባስ ውስጥ የጎረቤትን ቦርሳ ይዞ ይወርዳል። ብሉቱዝ የለውም፣ ማይክም የለውም። ጆሮን ሙሉ ስለሚሸፍን ከሰዓት ፀሐይ ላይ ያልባል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዕቃ ነው፣ መልኩም ይናገራል። ለስቱዲዮና ለልምምድ ግን እኔ አልቀይረውም።

ሚክሰር ላይ የሚሰካው ትልቁ ጃክ አብሮት ይመጣል። ስልካችሁ የሄድፎን ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ መቀየሪያ ለብቻው መግዛት አለባችሁ።